ከሳተላይት ሌላ ቦታን የሚነግር የሬዲዮ ዘዴ እንዴት ይመረጣል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 መጨረሻ፣ ከሄልሲንኪ ተነሥተው ኢስቶኒያ ውስጥ ወደምትገኘው ታርቱ የበረሩ ሁለት የፊንኤር አውሮፕላኖች በተከታታይ ሁለት ቀናት ሳያርፉ ወደ መጡበት ተመለሱ። በአካባቢው የጂፒኤስ ሲግናል ታውኮ ነበር፤ በታርቱ ለማረፍ ይሠራበት የነበረው የአቀራረብ ሥርዓት ደግሞ ያለ ጂፒኤስ አይሠራም። አየር መንገዱ በረራውን ለአንድ ወር ያህል አቋርጦ ቆይቶ የቀጠለው፣ ጂፒኤስ የማይፈልግ የአቀራረብ ሥርዓት ከተዘጋጀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች የችግሩን ሌላ መልክ አይተዋል፤ ሰው ቴል አቪቭ ወይም ሃይፋ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ስልኩ ግን ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለ ይነግረው ነበር። በታርቱ ሲግናሉ ታፈነ፤ በእስራኤል ሐሰተኛ ሲግናል የእውነተኛውን ቦታ ያዘ። ሦስተኛው መልክ ጠላትም ጦርነትም አያስፈልገውም፤ ወደ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት መውረድ ብቻ ይበቃል።

የሦስቱም ሥር አንድ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ሲግናላቸው መሬት ሲደርስ የሚቀረው ኃይል አንድ ዋት ለአሥር ሚሊዮን ቢሊዮን ቢከፈል ከሚገኘው ብዙም አይበልጥም። ይህን ያህል የደከመ ሲግናል በእጅ በሚያዝ ማወኪያ ይዋጣል፤ የኮንክሪትና የብረት ጣሪያም ያስቀረዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሳተላይትን የሚተኩ ወይም የሚደግፉ ምድራዊ የሬዲዮ ዘዴዎችን ሲፈልጉ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱን ለመጋዘን፣ ለሆስፒታል፣ ለወደብ ወይም ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ማዕከል መምረጥ ላለበት ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሰዓቱን ይጠይቁ

ሻጭም ገዢም መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ ሜትር ነው፤ «ስሕተቱ ስንት ነው?» ይባላል። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ዘዴው ሰዓቱን ከየት እንደሚያገኝ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ትክክለኛ የሬዲዮ ዘዴዎች ርቀትን የሚለኩት በጊዜ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የሁለት ጣቢያዎች ሰዓት በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ቢለያይ 300 ሜትር ስሕተት ማለት ነው።

የሞባይል አንቴና ያለበትን ምሰሶ ወይም የሕንጻ ጣሪያ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከትልልቆቹ አንቴናዎች ርቃ ሰማዩ ግልጥ በሆነበት ጥግ የተተከለች እንጉዳይ የመሰለች ትንሽ ነጭ አንቴና አይቶ ይሆናል። እርሷ የጂፒኤስ አንቴና ናት፤ የምታገለግለውም ጣቢያው የት እንዳለ ለማወቅ ሳይሆን ሰዓቱን ለማስተካከል ነው። መላኪያውንና መቀበያውን በአንድ ድግግሞሽ ላይ በጊዜ ከፋፍሎ የሚጠቀም የ4ጂ ወይም የ5ጂ ኔትወርክ፣ የጣቢያዎቹ ሰዓት ከጋራው ሰዓት በ1.5 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ይህንንም በብዙ አገሮች የሚያገኘው ከሳተላይት ነው። እንግዲህ የጂፒኤስ ምትክ ተብሎ የተገዛ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ መገኛ (ቦታን የሚያሳውቅ ሥርዓት)፣ ጂፒኤስ በታፈነ ጊዜ አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ወዲያው ላይወድቅ ይችል ይሆናል፤ በጣቢያው ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ክሪስታል ለሰዓታት፣ የሩቢዲየም (አቶሚክ) ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ሰዓቱን ይዞ ይቆያል። ለመነጋገሪያ የሚበቃው 1.5 ማይክሮ ሰከንድ ግን ለመገኛ 450 ሜትር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። በጃንዋሪ 26 ቀን 2016 አንድ አሮጌ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ፣ ሳተላይቶቹ የሚያሰራጩት የሰዓት ማስተካከያ መረጃ በ13.7 ማይክሮ ሰከንድ ተዛባ፤ ካርታ ተጠቃሚው ምንም ሳይታወቀው በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የቴሌኮምና የብሮድካስት መሣሪያዎች ለሰዓታት የማስጠንቀቂያ መልእክት ሲያወጡ ዋሉ። ስለዚህ ምትክ ነኝ ለሚል ሁሉ የሚቀርበው የመጀመሪያ ፈተና ቀላል ነው። የጂፒኤስ አንቴናውን ገመድ ነቅሎ፣ ሥርዓቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ስሕተቱ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚያድግ መመዝገብ ነው። ፈተናውን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ለሰፊ ክልል፦ ባሕር፣ አየር፣ ከተማ

ለሰፊ ክልል ከተሠሩት ውስጥ በባሕርዩ ከጂፒኤስ እጅግ የሚለየው ሎራን ነው። ጂፒኤስ በ1,575.42 ሜጋ ኸርዝ በደካማ ኃይል ሲልክ፣ ሎራን በ100 ኪሎ ኸርዝ በመቶዎች ኪሎ ዋት በሚቆጠር ኃይል ከምድር ይልካል፤ የሞገዱ ርዝመት 3 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ሞገድ ለማፈን ግዙፍ አንቴናና ከፍተኛ ኃይል ስለሚያስፈልግ፣ በመኪና ተጭኖ ወይም በኪስ ተይዞ የሚዞር ማወኪያ አይደፍረውም። የብሪታንያና የአየርላንድ የመብራት ቤት ባለሥልጣናት በ2008 በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ በአንዲት መርከባቸው ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ጂፒኤስ ሲታፈን በመርከቧ ማዘዣ ክፍል ያሉ መሣሪያዎች አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሲሳሳቱ የተሻሻለው ሎራን ግን ሥራውን ቀጥሏል።

የሎራን ድካም ያለው በምድሩ ላይ ነው። ሞገዱ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ፍጥነቱ እንደ አፈሩ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለያያል፤ በጨው ውሃ ላይ ፈጥኖ፣ በደረቅና ተራራማ መሬት ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። የድሮው ሎራን ሲ ስሕተቱ በመቶዎች ሜትር ይቆጠር የነበረ ሲሆን፣ የተሻሻለው ሎራን አካባቢው አስቀድሞ ተለክቶ የማረሚያ ካርታ ከተዘጋጀለት ከ10 እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። ለወደብ መግቢያ ይህ ይበቃል፤ ለመንገድ መኪና ግን አይበቃም። ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ባለቤትነቱ ነው። ሎራን የአገሮች ትብብር ይፈልጋል፤ ዩናይትድ ስቴትስ በ2010 ጣቢያዎቿን ዘጋች፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ኖርዌይና ፈረንሳይ ሲዘጉ ብሪታንያ በምዕራብ አውሮፓ ብቻዋን ቀረች፤ ከአንድ ጣቢያም ሰዓት እንጂ ቦታ አይገኝም። በአንጻሩ ደቡብ ኮሪያ ከሰሜን በኩል በተደጋጋሚ ሲግናሏ ስለታፈነባት የራሷን ለመገንባት ተነሣች። አጠገቡ ማወኪያ ያለበት አገር ወጪውን ለመቀበል አይዘገይም።

በአየር ጉዞ መልሱ በአመዛኙ አሮጌ ነው፤ አውሮፕላኑ ከምድር ጣቢያዎች ያለውን ርቀት ጠይቆ የሚያውቅበት ዲኤምኢ ከጂፒኤስ በፊት የነበረ ሲሆን፣ አሁን በየአገሩ ለመጠባበቂያ እንዲቆይ የሚደረገውም ያለ ጂፒኤስ ስለሚሠራ ነው። በባልቲክ ባሕር ደግሞ አር ሞድ የተባለው ምርምር አዳዲስ ምሰሶዎችን ከመትከል ይልቅ፣ በጠረፍ ላይ የቆሙ የመርከብ ሬዲዮ ጣቢያዎችን ተጨማሪ ሲግናል እንዲልኩ በማድረግ በ10 ሜትር ገደማ ትክክለኛነት ላይ ለመድረስ ይሠራል። የቆመን ነገር መጠቀም ለወጪ የሚመች መንገድ በመሆኑ ለደሃ አገር ወደቦችም የሚበጀው ይህ ይመስለኛል።

ከዚህ ርቀው የሄዱ ተመራማሪዎች ደግሞ ለሌላ ሥራ የተላከን ሲግናል ሳይፈቀድላቸውና ይዘቱን ሳያነቡ ለመገኛ ያውሉታል። ዛክ ካሳስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2021 ስድስት የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ሲግናል በማዳመጥ ብቻ በ8 ሜትር ገደማ ስሕተት ቦታቸውን አግኝተዋል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሲግናሉ ባለቤት ነገ አሠራሩን ቢለውጥ ለማንም የማሳወቅ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ለምርምር እንጂ ለአምቡላንስ አልመርጠውም።

5ጂን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ ደረጃ 16ኛ እትም በ2020 ሲወጣ በቤት ውስጥ 3 ሜትር፣ በውጭ 10 ሜትር የሚል ግብ ለ80 በመቶ ልኬቶች አስቀምጧል። ይህ ግብ በጥሩ አቀማመጥ ለተተከሉ ብዙ ጣቢያዎች የታሰበ ነው። በኢትዮጵያ የ5ጂ አገልግሎት በ2022 በአዲስ አበባ መጀመሩ፣ የ5ጂ መገኛ አለ ማለት አይደለም። መገኛው ኦፕሬተሩ ለብቻው ገዝቶ የሚተክለው ተጨማሪ ሶፍትዌርና ሰርቨር ይፈልጋልና ከመተማመን በፊት ተለይቶ መጠየቅ አለበት።

በሕንጻ ውስጥ

በሕንጻ ውስጥ ምርምሩ መልክ የያዘው በ2000 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዓመት ፓራምቪር ባል እና ቬንካታ ፓድማናብሃን የተባሉ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ራዳር ብለው የሰየሙትን ሥራ አቀረቡ። ዘዴው ቀላል ነው። በአንድ ወለል ላይ በ70 ነጥቦች ቆመው፣ በየነጥቡ በአራት አቅጣጫ እየዞሩ፣ ከሦስት የሬዲዮ ጣቢያዎች የሚደርሳቸውን የሲግናል ጥንካሬ መዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ አንድ መሣሪያ የሚሰማውን ከመዝገቡ ጋር በማመሳከር ቦታውን ከ2 እስከ 3 ሜትር ባለ መካከለኛ ስሕተት አገኙ። በአራት አቅጣጫ መዞራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሰው አካል በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የዋይፋይን ሞገድ ይመጥጣል፤ ስለሆነም ሰው ጀርባውን ለጣቢያው ሲሰጥና ፊቱን ወደ እርሱ ሲያዞር በአንድ ስፍራ ሁለት የተለያየ አሻራ (የሲግናል ጥንካሬ መዝገብ) ይመዘገባል።

የአሻራ ዘዴ ጥቅሙ አዲስ መሣሪያ አለመፈለጉ ነው፤ ጉዳቱም አሻራው ማርጀቱ ነው። መደርደሪያ ሲዛወር፣ ራውተር ሲቀየር፣ ባዶ የነበረው አዳራሽ በሰው ሲሞላ መዝገቡ ከእውነቱ ይርቃል። ይህን ባለፈው ቢሮ ስንቀይር በዓይኔ አይቻለሁ። ከካዛንቺስ ወደ ቦሌ ራውተሩን ይዘን ሄድን፤ አዲሱ ሕንጻ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ስልኬ ለቀናት ያህል በአሮጌው ሰፈር ላይ ያሳየኝ ነበር፤ በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰማይ ሲያይ ብቻ ወደ ቦሌ ይመለስ ነበር። እዚህ ላይ የሰዓቱን ጥያቄ የሚመስል ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የስልኮቻችን የዋይፋይ መዝገብ የተሠራው ከተጠቃሚዎች ስልክ ነው፤ የስልኮቹን ቦታ የነገረው ደግሞ ጂፒኤስ ነው። ሐሰተኛ ሲግናል በሚሰራጭበት አገር መዝገቡም ሊመረዝ ይችላል። ራሳችሁ በሜትር ለክታችሁ የሠራችሁት መዝገብ ግን ከዚህ ነጻ ነው።

በስልክ ለሚሠራ አገልግሎት ሌላም መሰናክል አለ፤ ብዙዎች የሚያውቁት ፕሮግራሙ ከተሠራ በኋላ ነው። አንድሮይድ ከ2018ቱ ዘጠነኛ እትም ጀምሮ አንድ አፕሊኬሽን ከፊት ሆኖ ሲሠራ ዋይፋይን የሚቃኝበትን ብዛት በሁለት ደቂቃ ውስጥ በአራት ወስኖታል፤ በአይፎን ላይ ደግሞ አንድ ተራ አፕሊኬሽን በዙሪያው ያሉትን ራውተሮች ጥንካሬ እንዲያነብ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ደንበኞች በራሳቸው ስልክ መንገድ እንዲያገኙ የሚፈልግ የገበያ ማዕከል በዋይፋይ አሻራ ላይ ብቻ ቢደገፍ የአይፎን ተጠቃሚዎችን ከመነሻው ያጣቸዋል።

ይኸው አንድሮይድ ዘጠኝ የሲግናልን ጥንካሬ ሳይሆን የደርሶ መልሱን ጊዜ የሚለካ አሠራርም አስገብቷል፤ ቢያንስ ከሦስት ራውተሮች ጋር ሲለካ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ጊዜው ደርሶ መልስ ስለሆነም የራውተሮቹ ሰዓት እርስ በርስ መስማማት አያስፈልገውም። ይህ «ሰዓቱን ከየት ያገኛል?» የሚለውን ጥያቄያችንን በንጽሕና የሚያልፍ ነው። የሚጎድለው ስልኩም ራውተሩም ይህን የሚችሉ እንዲሆኑ መፈለጉ ነው፤ ርካሽ ራውተሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይችሉም።

ብሉቱዝ በዋጋ ያሸንፋል። ባትሪ ያላቸው ትንንሽ መላኪያዎች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ የሲግናል ጥንካሬን ብቻ ሲጠቀሙ ግን «በዚህ ክፍል ነው» ከማለት ብዙም አያልፉም። በ2019 የወጣው የብሉቱዝ 5.1 ደረጃ ሲግናሉ የመጣበትን አቅጣጫ መለካትን፣ በ2024 የወጣው 6.0 ደግሞ ርቀትን መለካትን ጨምረዋል። ለእኛ አገር ሁኔታ አንድ ነገር ከፍ አድርጌ ማየት እወዳለሁ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራው መላኪያ መላኩን አያቋርጥም፤ ከመብራትና ከኔትወርክ ገመድ ጋር የታሰረው ሁሉ ግን መጠባበቂያ ኃይል ካልተገዛለት በዚያች ደቂቃ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ጊዜም የሆስፒታል ሠራተኛ የኦክሲጅን ሲሊንደር የት እንዳለ ማወቅ የሚፈልግበት ጊዜ ነው።

በትክክለኛነት ቀዳሚው ዩደብልዩቢ የሚባለው ሰፊ ባንድ ሬዲዮ ነው። ቢያንስ 500 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ባለው ባንድ እጅግ አጭር ምት ስለሚልክ፣ በቀጥታ የደረሰውን ምት ከግድግዳ ነጥሮ ከመጣው መለየት ይችላል፤ በመካከል ምንም ካልጋረደው ስሕተቱ ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። «ካልጋረደው» የሚለው ቃል ግን ቀላል አይደለም። ሁለት ረድፍ የብረት መደርደሪያ ያለበትን መጋዘን ያስቡ። ፎርክሊፍቱ በመካከላቸው ሲያልፍ ቦታቸው ከታወቀ አራት ቋሚ (መልሕቅ) ጣቢያዎች ምናልባት ሁለቱን ብቻ ያያል፤ ከቀሩት የሚደርሰው ከጣሪያ የነጠረው ምት ነው፤ የነጠረው ደግሞ ረዥም መንገድ ስለሄደ ፎርክሊፍቱን ከሚቀጥለው መተላለፊያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው በየመተላለፊያው ተጨማሪ ጣቢያ መትከል ነው፤ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የሚታየው የጣቢያ ብዛት ባዶ አዳራሽ ታስቦ የተጻፈ መሆኑን በዚህ ማወቅ ይቻላል። አንዳንድ አይፎኖችና ውድ የሆኑ የአንድሮይድ ስልኮች ይህ ሬዲዮ ቢኖራቸውም አብዛኛው ሰው የያዘው ስልክ የለውም፤ ስለዚህ ለራስ ዕቃና ለራስ ሠራተኛ እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት ገና ነው።

ስንተኛው ፎቅ?

የእሳት አደጋ ሠራተኛ በአግድም የ5 ሜትር ስሕተትን ይችለዋል፤ በፎቅ መሳሳትን ግን አይችለውም። ብዙ ሥርዓቶች ፎቁን የሚያውቁት በስልክ ውስጥ ባለው የአየር ግፊት መለኪያ ነው። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው የሚጠቅም ስሌት አለ። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ሲወጡ ግፊቱ በ0.12 ሄክቶፓስካል ይቀንሳል፤ በ2,350 ሜትር ከፍታ ግን አየሩ ስለሳሳ የሚቀንሰው በ0.095 ገደማ ነው። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተዘጋጀ ቀመር ሳይታረም እዚህ ቢሠራበት በረጅም ሕንጻ ላይ ፎቆችን ያሳንሳል። በዚያም ላይ በምድር ወገብ አካባቢ የአየር ግፊት በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ወደ 2 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን ይህ ሰባት ፎቅ ያህል ነው። ስለሆነም ቁመቱ በሚታወቅ ስፍራ፣ ለምሳሌ በጥበቃ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ ቋሚ መለኪያ ተቀምጦ ሌሎቹ ከእርሱ ጋር ካልተነጻጸሩ የፎቁ ቁጥር አይታመንም።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ለሆስፒታል ዕቃ ክፍሉን ማወቅ ስለሚበቃ በባትሪ የሚሠራ ብሉቱዝን እመርጣለሁ። ሰውና ፎርክሊፍት እንዳይጋጩ ለሚፈለግበት መጋዘን ከዩደብልዩቢ በታች አልወርድም፤ በዚያ ሥራ የ2 ሜትር ስሕተት የሰው እግር ያስከፍላል። ለገበያ ማዕከል ብሉቱዝን ከስልኩ የእርምጃ ቆጠራ ጋር አጣምራለሁ። ለወደብ፣ ለመብራት ኃይልና ለቴሌኮም ዋናው ጉዳይ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ስለሆነ፣ በፋይበር የሚመጣ ሰዓትን መጀመሪያ፣ በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚላክ የሬዲዮ ሰዓትን ቀጥሎ አስባለሁ። የዩናይትድ ስቴትስ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2020 የ11 ኩባንያዎችን ቴክኖሎጂ በኬፕ ኮድና በላንግሊ ፈትኖ የደረሰበትም ብቻውን ሁሉን የሚተካ እንደሌለና በባሕርይ የሚለያዩትን ማጣመር እንደሚሻል ነው።

ውል ሲፈረም ከሻጩ የሚጠየቀው ስሕተት አማካዩ አይሁን፤ ከመቶ ልኬት ዘጠና አምስቱ የሚያርፉበት ይሁን። በ2014 በርሊን ላይ 22 ሥርዓቶች በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሲወዳደሩ የተሻለው ከአንድ ሜትር በታች ሲሳሳት፣ የኋለኞቹ በብዙ ሜትሮች ተሳስተዋል፤ በቤት የተለካ ጥሩ ቁጥር በሌላ ሕንጻ ላይደገም ይችላል። ስለዚህ የመረከቢያው ልኬት በእርስዎ ሕንጻ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሮቹ ተዘግተው፣ መደርደሪያው ዕቃ ሞልቶበት፣ መሣሪያው በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ሆኖ ይደረግ፤ ነጥቦቹም አስቀድመው በሜትር ተለክተው ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፤ ከስድስት ወር በኋላም በእነዚያው ነጥቦች ላይ ቆሞ እንደገና መለካት በውሉ ይጻፍ።